የዜግነት ማመልከቻና የግል ሕይወት፦ «ልጁን አትጻፈው» ለተባሉ አባት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በዲቪ አሜሪካ ከገባሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ባለቤቴም በእኔ ዕጣ አብራኝ መጥታለች። ከሦስት ዓመት በፊት ተጣልተን ለአንድ ዓመት ያህል በተለያየ ቤት ኖረናል፤ በዚያን ጊዜ ከሌላ ሴት ልጅ ወልጃለሁ። አሁን ታርቀን አብረን ነን፤ ስለ ልጁ ግን ባለቤቴ አታውቅም። ለእናቱ በየወሩ ገንዘብ በእጇ እሰጣለሁ። የዜግነት ቅጹን ልሞላ ስል አንድ ወዳጄ ‹ልጁን አትጻፈው፤ መልካም ሥነ ምግባር የለህም ብለው ይከለክሉሃል› አለኝ። እንግሊዝ አገር የምትኖረው እህቴ ደግሞ ‹የግል ሕይወት መብት አለህ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሊጠይቁህ አይችሉም› ትለኛለች። ማሪዋና በተፈቀደበት ግዛት ስለምኖር አልፎ አልፎ አጨሳለሁ። ትክክሉ የማን ነው?»

ምላሽ፦ ወዳጅዎም እህትዎም ተሳስተዋል። የእህትዎ ስሕተት ከኢሚግሬሽን ኦፊሰሩ ጋር ክርክር ውስጥ ያስገባዎታል፤ ቢበዛ ማመልከቻዎን ያስከለክልዎታል። የወዳጅዎ ምክር ግን ዛሬ የሌለብዎትን ጥፋት አዲስ ይፈጥርብዎታል። ከጥያቄዎ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ደግሞ ሁለቱም ያልነኩት፣ እርስዎም መጨረሻ ላይ ጣል አድርገውት ያለፉት የማሪዋናው ነገር ነው። እመለስበታለሁ። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ይህ «መልካም ሥነ ምግባር» የሚባለው መስፈርት ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። ኮንግረስ በ1790 የመጀመሪያውን የዜግነት ሕግ ሲያወጣ አመልካቹ መልካም ጠባይ ያለው ሰው መሆኑን ለፍርድ ቤት እንዲያሳምን አዘዘ። በ1795 የነዋሪነቱ ጊዜ ከሁለት ወደ አምስት ዓመት ከፍ ሲል፣ በእነዚያ ዓመታት መልካም የሞራል ጠባይ ያለው ሰው ሆኖ የኖረ መሆን አለበት የሚለው ተጨመረ፤ አምስቱ ዓመት እስከ ዛሬ አለ። ያው ሕግ ማመልከት የሚችለው «ነጻ ነጭ ሰው» ብቻ ነው ይል ነበር። ሰው የሚሸጥና የሚገዛ ባለርስት የጠባይ ፈተናውን ሲያልፍ አፍሪካዊ እስከ 1870 ድረስ በሩን ማንኳኳት እንኳ አይችልም ነበር። ስለዚህ አንድ ኦፊሰር ስለ ሥነ ምግባርዎ ሲጠይቅዎት የዘላለም ሚዛን የያዘ መስሎ አይታይዎት። ሚዛኑ የየዘመኑ ሰዎች ነው፤ ብዙ ጊዜም ተቀይሯል።

ከቅያሬዎቹ አንዱ እርስዎን በቀጥታ ይነካል። የ1952ቱ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ መልካም ሥነ ምግባር የላቸውም የሚባሉትን ሰዎች በዝርዝር አስቀመጠ፦ ልማደኛ ሰካራም፣ ዋና ገቢው ሕገ ወጥ ቁማር የሆነ፣ በመሐላ ስር ዋሽቶ የኢሚግሬሽን ጥቅም ለማግኘት የሞከረ፣ ተፈርዶበት 180 ቀንና ከዚያ በላይ የታሰረ፣ ሌሎችም። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያመነዘረም ነበረበት። ኮንግረስ በ1981 መጨረሻ ላይ ይህን ሐረግ ሰርዞ አወጣው። እንግዲህ ወዳጅዎ የነገሩዎት ከ40 ዓመት በፊት የተሻረ ሕግ ነው። ባይፈረድባቸው ደስ ይለኛል፤ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ማመንዘር ዛሬም የተበደለው ወገን አቤት ካለ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ሰው ፍርሃቱን ከአገሩ ይዞ ይመጣል።

የተሻረው ግን ከአዋጁ ነው። በዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ደንብ ውስጥ ጭራው ቀርቷል። ደንቡ፣ አመልካቹ ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ፣ የቆመን ጋብቻ ለማፍረስ የሚያደርስ ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት ከነበረው፣ ጥፋቱን የሚያቀልለት ምክንያት ካላቀረበ በስተቀር መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይቆጠራል ይላል። ቃላቱን አንድ በአንድ ይመልከቷቸው። «የቆመ ጋብቻ» ሲል፣ በወረቀት ብቻ ያለ፣ ሁለቱ ወገኖች ትተውት የሄዱት ጋብቻ ግቡ አይደለም። «ለማፍረስ የሚያደርስ» ሲል ደግሞ ግንኙነት መኖሩ ብቻውን አይበቃም። የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1975፣ ማመንዘር የሚለው ቃል ገና በሕጉ ውስጥ ሳለ፣ ቃሉን በዚሁ መንገድ አጥብቦ ተርጉሞታል።

የእርስዎን ሁኔታ በዚህ ሚዛን ላስቀምጠው። ልጁ የተፀነሰው እናንተ በተለያየ ጣሪያ ስር ስትኖሩ ነው። ጠቡ ከግንኙነቱ በፊት የመጣ ነው፤ ግንኙነቱ ጠቡን አልወለደውም። ጋብቻው ደግሞ አልፈረሰም፤ ታርቃችሁ አብራችሁ ናችሁ። ይህን ሁሉ በወረቀት ማሳየት ከቻሉ፣ ለምሳሌ የዚያን ዓመት የቤት ኪራይ ውል፣ በየስማችሁ የመጣ የመብራት ሒሳብ፣ በሁለት አድራሻ የደረሰ የባንክ ደብዳቤ ካለ፣ በእኔ ግምት ይህ ነጥብ ብቻውን ማመልከቻዎን አይጥለውም። አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ባለቤትዎ አለማወቃቸው። ጋብቻው የጸናው እውነቱ ስላልታወቀ ነው ብሎ የሚከራከር ኦፊሰር ሊገጥምዎ ይችላል። ያም ቢሆን ሊሆን ይችላል ስለተባለ ነገር የሚነሳ ክርክር ነው፤ ሊመለስ ይችላል።

እንዲህ ያለው ክርክር እንዴት እንደሚያልቅ የሚያሳዩ ሁለት የቆዩ ፍርዶች አሉ። ሁለቱም በኒው ዮርክ የተቀመጠው የሁለተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ናቸው፤ ጸሐፊያቸውም ታዋቂው ዳኛ ለርነድ ሃንድ ነው። የመጀመሪያው የ1947ቱ የረፑዊ ጉዳይ ነው። አባትየው በጠና የታመመና ከአልጋ የማይወርድ የ13 ዓመት ልጁን በክሎሮፎርም ገደለ። የወንጀል ችሎቱ አዝኖለት ቅጣቱን በገደብ አደረገለት። ለዜግነት ሲያመለክት ግን ፍርድ ቤቱ ከለከለው። አንጀት የሚበላው ነገር ቀኑ ነው፦ ድርጊቱ የተፈጸመው በጥቅምት 12 ቀን 1939 ነበር፤ ማመልከቻውን ያስገባው በመስከረም 22 ቀን 1944። አምስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር ማለት ነው። ዳኛውም ይህን አልሸሸገውም፤ አሁን አዲስ ማመልከቻ ቢያስገባ ያ ድርጊት እንደማያግደው ጽፏል። ሦስት ሳምንት ታግሶ ቢሆን ኖሮ ማለት ነው። እኔ ለደንበኞቼ «ለምን ትቸኩላላችሁ?» የምለው ይህን ጉዳይ እያሰብኩ ነው።

ሁለተኛው የ1949ኙ የሽሚት ጉዳይ ነው። ያላገባ ሰው ነው፤ በቃለ መጠይቁ ላይ ሲጠየቅ ካላገቡ ሴቶች ጋር አልፎ አልፎ ግንኙነት እንደነበረው ሳይደብቅ ተናገረ። የበታች ፍርድ ቤት በዚህ ምክንያት ከለከለው። ሃንድ ውሳኔውን ሻረው፤ ዜግነቱ እንዲሰጠው አዘዘ። ፍርዱን የሚያስወድደው ግን ዳኛው ስለ ራሱ ሥራ ያመነው ነገር ነው። የሕዝቡ የጋራ ሕሊና በዚህ ጉዳይ ምን እንደሚል በድምፅ ቆጠራ ማወቅ አይቻልም፤ ዳኞች የራሳቸውን ግምት የሕዝብ ስም ሰጥተው ከመናገር የተሻለ መሣሪያ የላቸውም ሲል ተናዘዘ። ልብ ይበሉ፤ ሽሚት ያሸነፈው እውነቱን ተናግሮ ነው።

ወደ እህትዎ ክርክር ልምጣ። የግል ሕይወት መብት አለ፤ ሕልም አይደለም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በስሙ ተጠርቶ ተደንግጓል። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ግን ቃሉ የለም፤ ዳኞች ናቸው ከሌሎች አንቀጾች ጥላ ስር ያወጡት፣ ዋናው ፍርድም በ1965 ስለ ወሊድ መከላከያ የተሰጠው የግሪስወልድ ውሳኔ ነው። ያ ውሳኔ ከወጣ በኋላ የዜግነት ችሎቶችም ተለሳልሰዋል። በ1971 ኒው ዮርክ ላይ የቀረበው የላባዲ ጉዳይ አመልካች ኩባዊ ግብረ ሰዶማዊ ነበር። ዳኛ ማንስፊልድ፣ የዜግነት ሕግ የሚመለከተው የአደባባይ ሥነ ምግባርን ነው፤ አዋቂዎች በፈቃዳቸው በቤታቸው የሚያደርጉትና ሌላውን የማይጎዳው ነገር አይመለከተውም ብሎ ዜግነቱን ፈቀደለት። አመልካቹ አገር ሲገባ ስለ ራሱ የነበረውን እውነት ለባለሥልጣኖቹ ተናግሮ እንደነበርም ተመልክቷል። በ1981 ደግሞ የአራተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኔሜትዝ ጉዳይ ከዚያ አንድ እርምጃ ሄደ። የቨርጂኒያ ሕግ የግብረ ሰዶም ድርጊትን ወንጀል ቢለውም፣ ዜግነት ለመላው አገር አንድ ወጥ ሕግ የሚያስፈልገው ጉዳይ ስለሆነ አንድ አመልካች በሚኖርበት ግዛት የተነሳ ሊጎዳ አይገባም አለ።

እህትዎ የሚያውቁት ሕግ ሌላ ነው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 8 የግልና የቤተሰብ ሕይወት ይከበር ይላል። በስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ዜግነት የማግኘት መብት በዚህ አንቀጽ ውስጥ የለም ቢልም፣ በዘፈቀደ መከልከል በሰውየው የግል ሕይወት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የተነሳ አንቀጹን ሊነካ እንደሚችል ከ1999 ጀምሮ ተናግሯል። በ2011 በማልታ ላይ በተሰጠው የጄኖቬሴ ፍርድ ዜግነት የአንድ ሰው ማኅበራዊ ማንነት አካል ነው አለ፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ ከአባቱ ዜግነት ማግለልም አድልዎ ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝ ራሷ በ2016 ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። ጆንሰን የሚባል፣ በጃማይካ ከእንግሊዛዊ አባት የተወለደ ሰው ነው፤ ወላጆቹ ስላልተጋቡ ሲወለድ ዜግነት አላገኘም፤ በአራት ዓመቱ እንግሊዝ ገብቶ እዚያው አደገ። ኋላ በሰው መግደል ወንጀል ተፈረደበት። ወላጆቹ ተጋብተው ቢሆን ኖሮ ያለ ምንም የጠባይ ፈተና ሲወለድ ዜጋ ይሆን ነበር፤ ስላልተጋቡ ግን በምዝገባ ዜጋ ልሁን ሲል መልካም ጠባይ አሳይ ተባለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን የጠባይ መስፈርት ከሰብዓዊ መብቶች ሕጉ ጋር የሚጋጭ ነው አለው፤ በ2019 ሕጉ ተስተካከለ። ጥሩ ፍርድ ነው፤ ግን ምን እንደሚል በትክክል ይያዝ። የወላጆችን ጋብቻ ሰበብ አድርጎ አንዱን ልጅ ከሌላው መለየት አይቻልም ነው ያለው፤ መንግሥት ስለ ጠባይ መጠየቅ አይችልም አላለም። በእንግሊዝ ዛሬም በማመልከቻ ዜጋ መሆን የሚፈልግ አብዛኛው ሰው፣ ዕድሜው ከ10 ዓመት ጀምሮ፣ ይጠየቃል፤ «መልካም ጠባይ» ምን እንደሆነም አዋጁ አይተረጉመውም። ደግሞስ እርስዎ ያሉት አሜሪካ ነው፤ አንቀጽ 8 አትላንቲክን አይሻገርም። የአሜሪካው የግል ሕይወት መብትም በ2022 ስለ ፅንስ ማቋረጥ በተሰጠው የዶብስ ውሳኔ ከተናጋ ወዲህ የቆመበት መሬት ጠቧል።

እህትዎ የሳቱት ዋና ነጥብ ሌላ ነው። የግል ሕይወት መብት በእነዚህ ፍርዶች ሁሉ የሠራው ውሳኔው ላይ ነው፤ ጥያቄው ላይ አይደለም። መንግሥት የሰማውን ነገር ተጠቅሞ ሊከለክል አይችልም ተባለ እንጂ ሊጠይቅ አይችልም አልተባለም። ሽሚትም ላባዲም ተጠይቀዋል፤ ሁለቱም መልሰዋል። ዝም ማለት ይችላሉ፤ ማንም አፍዎን በኃይል አይከፍተውም። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 በቤረኒ ጉዳይ እንዳለው፣ ብቁ መሆኑን የማስረዳት ሸክም ከፍጻሜው ድረስ የአመልካቹ ነው፤ የቀረ ጥርጣሬ ካለም ለመንግሥት ይተረጎማል። በወንጀል ችሎት ዝምታ ይጠብቅዎታል። እዚህ ዝም ያለ ሰው አላስረዳም ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

መዋሸትስ? በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኩንጊስ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበ ነው፤ ከሊቱዌኒያ የመጣው ኩንጊስ የተወለደበትን ቀንና ቦታ አሳስቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የሚያስፈራ ነው፦ ሕጉ በመሐላ ስር የተሰጠ ሐሰተኛ ቃል ሲል ውሸቱ የግድ ትልቅ ጉዳይ ላይ መሆን አያስፈልገውም፤ ተራ ነገር ላይም ቢሆን፣ የኢሚግሬሽን ጥቅም ለማግኘት ታስቦ ከተነገረ ጠባይን ያሳጣል። ሁለተኛው የሚያጽናና ይመስላል፦ በኀፍረት፣ በፍርሃት፣ ወይም የግል ሕይወትን ለመጠበቅ የተነገረ ውሸት በዚህ አንቀጽ አይቀጣም፤ ቁልፉ ዓላማው ነው። አዎ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገመናውን ለመሸሸግ ለዋሸ ሰው አንድ ጠባብ መውጫ ትቶለታል።

አይጠቀሙበት። የወዳጅዎን ምክር እንደገና ያንብቡት፦ «አትጻፈው፤ ይከለክሉሃል» ነው ያሉት። ይህ እንዳይከለከሉ፣ ማለትም ጥቅሙን ለማግኘት መዋሸት ነው፤ ሕጉ የሚቀጣው በትክክል ይህንን ነው። ለባለቤትዎ ብዬ ነው የደበቅሁት ብለው ኋላ ቢከራከሩ፣ ኦፊሰሩ ባለቤትዎ በሌሉበት ክፍል ውስጥ ለምን ደበቅህ ይልዎታል። ደግሞ ያ ፍርድ የሚናገረው በቃል ስለሚሰጥ ምስክርነት ነው። ቅጹን እውነት ነው ብለው ሲፈርሙ ሌላ የወንጀል ሕግ ይጠብቅዎታል። ዜግነት ካገኙ በኋላም ነገሩ አይዘጋም፤ በማታለል የተገኘ ዜግነት በፍትሐ ብሔር ክስ ሲገፈፍ የይርጋ ጊዜ የለውም። በ2017 የማስለንያክ ፍርድ በወንጀል ክስ ዜግነት ለመንጠቅ ውሸቱ ለዜግነቱ መገኘት አስተዋጽኦ ያደረገ መሆን አለበት ብሎ የመንግሥትን እጅ ትንሽ ሰብስቦታል። ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጁ በስምዎ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ወይም በግብር ወረቀትዎ ላይ ሲወጣ በዚህ ልዩነት ላይ ጠበቃ ቀጥሮ ከመከራከር ዛሬ አንድ መስመር መጻፍ ይቀላል።

ልጁን ይጻፉት። ከጻፉት በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ወዳጅዎ የፈሩት አይሆንም፤ «ትረዳዋለህ ወይ?» የሚል ነው። ደንቡ ከጋብቻ ውጭ ስለሚደረግ ግንኙነት በሚናገርበት በዚያው ቦታ፣ ጥገኞቹን አውቆ አልረዳም ያለ ሰውም መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይቆጠራል ይላል፤ ቅጹም በቀጥታ ይጠይቃል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለመኖሩ አያድንም፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን መርዳት ያለ ትእዛዝም ግዴታ ነው። በየወሩ ይሰጣሉ፤ እግዚአብሔር ይስጥዎት። ግን በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ምስክር የለውም። ከዚህ ወር ጀምሮ በባንክ ይላኩ፤ ለምን እንደሆነ በማስተላለፊያው ላይ ይጻፉ። ላለፈው ጊዜ እናትየው ከመቼ ጀምሮ ስንት ስንት እንደተቀበሉ የሚገልጽ፣ በውል አዋዋይ ፊት የተፈረመ ደብዳቤ ይስጡዎት። የሐኪም ቤት፣ የመዋያ፣ የልብስ ደረሰኝ ካለ አይጣሉ። በዚህ ማስረጃ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ በሥነ ምግባር ክርክር ላይ ከሚያጠፉት አሥር እጥፍ ይጠቅምዎታል።

ሌላም አለ፤ ከእኛ ማኅበረሰብ ውጭ ያለ ጠበቃ ላያየው ይችላል። የዲቪ ዕጣ ሲደርስ ቪዛ ለማግኘት ብቻ የሚደረግ ጋብቻ እንዳለ እኛም እናውቃለን፤ መሥሪያ ቤቱም ያውቃል። በእርስዎ ዕጣ የመጡ ባለቤት፣ ከመጣችሁ ከጥቂት ዓመት በኋላ የተለያየ አድራሻ፣ ከሌላ ሴት የተወለደ ልጅ፤ ይህን ሦስት ነገር በአንድ መስመር ያየ ኦፊሰር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ያ ጋብቻ እውነተኛ ነበር ወይ?» ብሎ ነው። ስለ መኝታ ቤትዎ የሚጠይቅ ይመስላል እንጂ የሚመረምረው የቪዛችሁን መሠረት ነው። ሲጠየቁ «ይህ የግል ሕይወቴ ነው» የሚል መልስ እዚህ ቦታ ላይ ጥርጣሬውን ያጸናዋል። ከመለያየቱ በፊትና ከዕርቁ በኋላ አብራችሁ መኖራችሁን የሚያሳይ የጋራ ሒሳብ፣ የጋራ የግብር መግለጫ፣ ፎቶግራፍ ይዘው ይሂዱ። ጉዳዩ ከአምስቱ ዓመት ወደ ኋላ ቢሄድ አይገረሙ፤ ሕጉ ኦፊሰሩ ከዚያ በፊት ያለውን ጠባይም እንዲመለከት ይፈቅዳል። (ከእርስዎ ጋር ባይገናኝም ለሌሎች አንባቢዎች፦ ዲቪ ስትሞሉ ያልጻፋችሁት፣ ያኔ የተወለደ ልጅ ካላችሁ ጉዳያችሁ ሌላ ነው፤ ጠበቃ ሳታዩ ምንም ቅጽ አታስገቡ።)

ጊዜውም ጠንከር ብሏል። በነሐሴ 15 ቀን 2025 የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ለኦፊሰሮቹ ባወጣው መመሪያ፣ ጥፋት አለመኖሩን ማረጋገጥ ብቻ እንደማይበቃና የሰውየው ኑሮ በሞላ እንዲመዘን አዟል፤ ቤተሰብን መንከባከብ፣ ቋሚ ሥራ፣ ግብር መክፈል፣ ለማኅበረሰብ ማገልገል በበጎ ጎኑ ይቆጠራሉ። በሌላው ወገን በሕግ የተፈቀደ ቢሆንም ከሠፈሩ ዜጎች ልማድ ጋር አይሄድም የተባለ ድርጊትም፣ ለምሳሌ ተደጋጋሚ የትራፊክ ጥፋት፣ ሊታይ ይችላል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ በተግባር የቀረውን፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባን የመጠየቅ ማጣራት የሚመልስ ሌላ መመሪያ ወጣ። እኔ እነዚህን መመሪያዎች አልወዳቸውም። ሃንድ በ1949 ማወቅ አልችልም ብሎ የተናዘዘውን ነገር፣ በቀን ብዙ ፋይል የሚያገላብጥ አንድ ኦፊሰር ያውቀዋል ብለው የሚነሱ ናቸው። ለእርስዎ ግን አንድ በር ይከፍታሉ፤ ለልጁ የሚያደርጉት እንክብካቤ ሸክም መሆኑ ቀርቶ በበጎ ጎን የሚቆጠር ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ በቅጹ ላይ ካለ ማለት ነው።

አሁን ማሪዋናው። ግዛትዎ ቢፈቅደውም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ዜግነት ደግሞ የፌዴራል ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ የግዛት ፈቃድ እንደማያድን በግልጽ ጽፏል። ፍርድ አያስፈልገውም፤ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ድርጊቱን መፈጸምዎን በሚገባ አምነው ከተናገሩ ይበቃል። ሕጉ የሚምረው 30 ግራምና ከዚያ በታች የሆነን ለራስ መጠቀሚያ የተያዘ ማሪዋና፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «አልፎ አልፎ» ያሉት ቃል ከአንድ ይበልጣል። ግሪን ካርድዎንም ሊያናጋ ይችላል፤ ከአገር ወጥተው ሲመለሱ ኬላ ላይ ቢጠየቁ መግባት ሊከለከሉ የሚችሉበት ምክንያት ነው። እንግዲህ ሁለት ነገር ያድርጉ። ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ስልክዎና የማኅበራዊ ገጽዎ ላይ ያለውንም ለጠበቃ ያሳዩ፣ ራስዎ ግን ምንም አያጥፉ። ከዚያ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተቀምጠው ጊዜውን ይቁጠሩ። ለቅጹ የሚቸኩሉበት ምክንያት ከሌለ፣ መጠበቅ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሳምንት የጎደለውን አባት ያስታውሱ።

ቢከለከሉስ? በ30 ቀን ውስጥ በዚያው መሥሪያ ቤት እንደገና እንዲታይልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ ያም ካልተሳካ የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደ አዲስ፣ ለኦፊሰሩ ግምት ሳይገዛ ይመረምረዋል። የሽሚትና የላባዲ ፍርዶች የሚጠቅሙት እዚያ ነው። ዳኛ ፊት ግን እውነቱ በፋይልዎ ውስጥ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ስለ ባለቤትዎ ያልጠየቁኝን አልመክርም። በሕግ በኩል ግን የግል ሕይወትዎ የሚጠበቅበት አንድ ቦታ አለ። በ1974 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ቋሚ ነዋሪዎችንም ይሸፍናል፤ መሥሪያ ቤቱ ከፋይልዎ ውስጥ ያለውን ነገር ያለ ጽሑፍ ፈቃድዎ ለባለቤትዎ አይሰጥም። በቃለ መጠይቁም ላይ ባለቤትዎ አይገኙም። ሆኖም የሠፈር ማጣራት ቢታዘዝ ኦፊሰሩ ማንን እንደሚጠይቅ መምረጥ አይችሉም። ከዚያም በፊት፣ ስለ ልጁ ድጋፍ ተጨማሪ ማስረጃ ቢፈለግ የሚላከው ደብዳቤ የልጁን ነገር ጠቅሶ በቅጹ ላይ በሞሉት አድራሻ፣ ሁለታችሁ በምትኖሩበት ቤት በፖስታ ይመጣል። የፖስታ ሣጥናችሁን ብዙውን ጊዜ ማን እንደሚከፍተው እርስዎ ያውቃሉ።